የወታደር ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

እንደሚታወቀው ሁሉ የጅማና የአካባቢዋ ሰው ከወባ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ከተማይቱ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ብትገኝም፣ ወደ ግቤና ወደ ጎጀብ ቆላ ለሚወርድ ሰው ንዳድ የቅርብ ጎረቤቱ ነው። ስለዚህም በአጋሮ ይሁን በሊሙ ገነት፣ በየቡ ይሁን በሸቤ፣ አንድ ሰው «ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ ሰውነቴ ተቃጠለ» ባለ ጊዜ የሰሚው ሁሉ መልስ አንድ ነው፤ «ወባ ነው» ይባላል። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ዘወትር ልክ የሆነን መልስ ልክ ባልሆነበት ዕለት የሚጠረጥረው አይገኝምና።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዕለት ነው። ከጦር ሰፈር ወይም ከማሠልጠኛ ወደ አገሩ የተመለሰ ወታደር፣ ወይም መሣሪያውን አስረክቦ ወደ ቡና ለቀማ የገባ የቀድሞ ወታደር ትኩሳት ሲነሣበት፣ ከወባ ጋር አብረው ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ሌሎች ሕመሞች አሉ። አንዱ ሐኪሞች የሚያገረሽ ትኩሳት የሚሉት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ ግርሻ የምንለው ነው። ሁለተኛው ተስቦ ነው። እነዚህን ሁለቱን የልብስ ቅማል ያዛምታቸዋል። ሦስተኛው በከብት ላይ የሚኖረው መዥገር የሚያመጣው ትኩሳት ነው። ሦስቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው መድኃኒት አላቸው፤ መድኃኒቱም ውድ አይደለም፣ በየጤና ጣቢያውም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ በሽተኛው በአጠገቡ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው «ከየት መጣህ? ከማን ጋር ተኛህ? ልብስህን መቼ አጠብህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ስለማይገኝ ነው።

ግርሻ ስሙን ያገኘው ከጠባዩ ነው። ከቅማል ከተላለፈበት ቀን አንሥቶ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ገደማ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ፣ ሰውየውን በድንገት ያንቀጠቅጠዋል። ትኩሳቱ ይወጣል፤ ራስ ይፈልጣል፤ ወገብና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ያንዳንዱም ዓይን ብጫ ይሆናል፣ አፍንጫው ይነስራል። አምስት ስድስት ቀን እንዲህ አሠቃይቶ በላብ ይለቀዋል። ሕመምተኛው ተነሥቶ ይቀመጣል፤ እህል ይቀምሳል፤ ቤተ ሰቡም «ተመስገን» ይላል። ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ግን ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ሳይታከሙ ከሚቀሩት ሰዎች ውስጥ ከመቶው ከ10 እስከ 40 የሚደርሱት ሊሞቱ እንደሚችሉ፣ ሕክምና ሲገኝ ግን ይህ ቁጥር ወደ 5ና ከዚያም በታች እንደሚወርድ የሕክምና መጻሕፍት ይናገራሉ።

ከጠባዩ ሁሉ አሳሳቹ ያ የመካከል ዕረፍት ነው። ወታደሩ ትኩሳት እንደ ያዘው ከመድኃኒት ቤት የወባ ክኒን ገዝቶ ቢውጥና በአምስተኛው ቀን ሕመሙ በራሱ ጊዜ ቢበርድለት፣ ምስጋናውን የሚወስደው ክኒኑ ነው። ትኩሳቱ ሲመለስበትም «ወባዬ ተነሣብኝ» ይላል እንጂ ሌላ ነገር አያስብም። ወባም ቢሆን ማገርሸት የሚያውቅበት ዓይነት አለውና ሰውየው ተሳሳተ ብሎ ለመፍረድ ያስቸግራል። አንዳንዱም ወደ ግል ክሊኒክ ሄዶ «ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፣ ታይፎይድ ካልሆነ ታይፈስ ነው» የሚል፣ ሁሉንም በአንድ ወረቀት የሚጨርስ መልስ ተቀብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ወረቀት በአገራችን ምን ያህል እንደ በዛ አንባቢ ከራሱ ቤት ያውቀዋል።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ግን ይህ ነው። የወባን ተሐዋሲ ለመፈለግ በመስተዋት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ያው የደም ጠብታ የግርሻንም ተሐዋሲ ያሳያል። ወባ በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፤ የግርሻው ደግሞ እንደ ጠመዝማዛ ቀጭን ክር ሆኖ በሕዋሳቱ መካከል ይታያል። የላቦራቶሪው ባለ ሙያ ወባ የለም ብሎ መስተዋቱን ከማንሣቱ በፊት በመካከሉ ያለውን ባዶ ቦታ ጥቂት ደቂቃ ቢመለከተው በሽታው እፊቱ ነው። ለዚህ አዲስ መሣሪያም ሆነ ልዩ በጀት አያስፈልግም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከአገራችን በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ የተሻገሩ ወጣት ስደተኞች በኢጣልያ፣ በጀርመንና በሆላንድ በግርሻ ታመው ሲገኙ፣ አያሌዎቹ የታወቁት ለወባ ተብሎ በተቀባ ደም ነበር። እነዚያ ሐኪሞች በሽታውን ያነበቡት በመጽሐፍ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖረ ነው።

ሆኖም ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፣ ደሙ መቀዳት ያለበት ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ነው፤ በዕረፍቱ ቀናት ተሐዋሲው ከደም ሥር ይሰወራልና የዚያን ዕለት የተመረመረ ሰው «ንጹሕ ነህ» ተብሎ ሊሰናበት ይችላል። ሁለተኛው፣ በየጤና ኬላው የሚሠራበት ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ፣ ያ ከጣት ደም ወስዶ በመስመር የሚመልሰው ትንሽ ነገር፣ ወባን ብቻ እንጂ ግርሻን አያይም። መመርመሪያው ለገጠሩ ሕዝብ ብዙ ጠቅሟል፤ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ሁሉ ወባን ይለያልና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን «ወባ የለም» ማለቱ «በሽታ የለም» ማለት አይደለም። ትኩሳት ይዞት መመርመሪያው ወባ የለም ያለለት ወታደር ማይክሮስኮፕ ወዳለበት ጤና ጣቢያ መላክ አለበት፤ የሚላከውም በዚያው ቀን፣ ትኩሳቱ ሳይለቀው ነው።

አሁን ወደ ቅማሉ እንመለስ። የራስ ቅማልና የልብስ ቅማል መልካቸው ቢመሳሰልም ኑሯቸው ይለያያል። የልብስ ቅማል በገላ ላይ አይኖርም፤ ቤቱ የልብስ ስፌት ነው፤ እንቁላሉንም የሚጥለው በዚያ ነው። ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመጠጣት ብቻ ነው። ከሰው ተለይቶ ከሳምንት በላይ መቆየት አይችልም፤ ልብስ በፈላ ውሃ ሲታጠብ ወይም ስፌቱ በጋለ ካውያ ሲተኮስ ያልቃል። ስለዚህ የልብስ ቅማል የሚበዛው ሰው አንድ ልብስ ብቻ ይዞ፣ ቀንም ሌሊትም ያንኑ ለብሶ፣ ከሌላው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሲተኛ ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ የክረምት የጦር ሰፈር ትዝ ሊለው ይችላል። ደግሞም ቅማል የሰውነት ሙቀት ከልክ ሲያልፍ አይወድምና ትኩሳት የያዘውን ወታደር ትቶ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። የታመመው ሰው ቅማል በአጠገቡ ወደ ተኛው ባልንጀራው የሚሄደው፣ የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ግርሻ በዋናው የሚተላለፈው በንክሻው ሳይሆን ቅማሉ ሲፈጭ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ተሐዋሲው የሚኖረው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ቅማሉ በጥፍር ሲዳጥ ወይም በጥርስ ሲፈጭ ፈሳሹ በታከከ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ በኩል ይገባል። በፀሐይ ተቀምጦ ልብስን ገልብጦ ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መካከል መዳጥ በሰፈርም በገበሬ ቤትም የምናውቀው ሥራ ነው፤ ንጽሕና ወዳዱ ሰው የሚሠራው ሥራም ነው። ለዚህ በሽታ ግን ዋናውን በር የሚከፍተው እርሱ ነው። ልብሱን በፈላ ውሃ መንከር ይሻላል።

መዥገርና ቅማልን በአንድ ጽሑፍ ያገናኘናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የግርሻን ተሐዋሲ በሕመምተኛ ደም ውስጥ መጀመሪያ ያየው ኦቶ ኦበርማየር የተባለ የበርሊን ሐኪም ሲሆን፣ ግኝቱን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1873 አሳትሞ በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተ። በ1905 ጆሴፍ ደተን የተባለ እንግሊዛዊ በኮንጎ ሳለ፣ በመሬት ቤት ወለል ውስጥ ተደብቆ ሌሊት የሚወጣ ቆዳው ለስላሳ የሆነ መዥገር ተመሳሳይ ትኩሳት እንደሚያስተላልፍ ለማረጋገጥ ሲሠራ በዚያው በሽታ ሕይወቱ አለፈ፤ የመዥገሩ ተሐዋሲም በስሙ ተጠራ። በ1907 ደግሞ ማኪ የተባለ ሐኪም በሕንድ አገር ቅማልን ጥፋተኛ አድርጎ አገኘው። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በ2008 የሁለቱ ተሐዋስያን የዘር ጽሑፍ ሲነበብና ሲነጻጸር፣ የቅማሉ ከመዥገሩ የተገኘና ብዙ የዘር ቅርሱን በመንገድ ላይ ያራገፈ ዘመዱ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ዛሬ በወታደር ልብስ ስፌት ውስጥ የሚጓዘው በሽታ ድሮ በመዥገር የሚጓዝ ነበር ማለት ነው። የሚለያዩበትም ነገር አለ፤ ያ ለስላሳ መዥገር ዓመታት ይኖራል፣ ተሐዋሲውንም ለልጆቹ ያወርሳል፤ ቅማል ግን ከሳምንታት በላይ ዕድሜ የለውም፣ ለእንቁላሉም አያወርስም። ስለዚህ የቅማሉ ግርሻ ለመኖር ሁልጊዜ አዲስ ሰውና የተጠጋጋ መኝታ ይፈልጋል።

ጦር ሠራዊትም ይህን አሟልቶ ይሰጠዋል። በ1812 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናፖሊዮን ከሞስኮ ሲመለስ በቪልኒዩስ ከተማ የተቀበሩት ወታደሮቹ ጥርስ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ተመርምሮ፣ በ2025 በታተመ ጥናት የዚህ የግርሻ ተሐዋሲ ቅሪት በውስጡ ተገኝቷል። የዓለም ጦርነቶችም ሁለቱም በሽታውን ከአገር ወደ አገር አዙረውታል። ዛሬ ግን በሌላው ዓለም ሲጠፋ በአፍሪቃ ቀንድ ቀርቷል፤ በኻያኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከዓለም ሁሉ ይህን በሽታ በብዛት የምታስመዘግበው አገራችን ነበረች።

ለእኛ ትውልድ የቅርቡ ምሳሌ 1983 ዓ.ም. ነው። በግንቦት ወር ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የሆነው የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ። ከሰሜን ጫፍ እስከ መሐል አገር በእግሩ የተጓዘው፣ በየመንገዱ የወደቀው፣ በየመጠለያው የተሰበሰበው ወታደር የለበሰው አንድ ልብስ ነበር፤ ጊዜውም ወደ ክረምት የሚገባበት ነበር። በነዚያ መጠለያዎች የተነሣው የግርሻ ወረርሽኝ ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በ1993 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል። በዚያው በሰኔ ወር የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ ወታደሩን ወደየአገሩ መሸኘት ጀመረ። ከነዚህ ውስጥ ብዙው ገበሬ ነበርና ወደ ገጠሩ ተመለሰ፤ የከፋውም ወደ ከፋ፣ የሊሙውም ወደ ሊሙ ገባ። ጦርነት ያስለቀቀው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራም የቀን ሥራ ነው፤ በቡና አገር የቀን ሥራ ማለት ደግሞ ለቀማ ነው።

የለቀማው ጊዜ ክረምቱ እንዳለቀ ይጀምርና እስከ ታኅሣሥ ገደማ ይዘልቃል። በዚያን ጊዜ አጋሮና ሊሙ፣ ጎማና ጌራ ከሩቅ አውራጃ በሚመጣ ሠራተኛ ይሞላሉ። ሠራተኛው በጋራ መጠለያ ያድራል፤ ጆንያ ያነጥፋል፤ ጋቢ ላለው ሰው ጎረቤቱ ይጠጋዋል። እንግዲህ የጦር ሰፈሩ መኝታ ስሙን ለውጦ በቡና እርሻ ይገኛል ማለት ነው። ቅማሉን ይዞ የመጣ አንድ ሰው ቢኖር የቀረውን ክረምቱና ጆንያው ይፈጽሙታል። ይህም የሚታሰብ ብቻ አይደለም፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ከሐምሌ እስከ ኅዳር በአርሲ ዞን በከተማ ነዋሪዎች መካከል የግርሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ ተጽፏል። አርሲም ጅማም አንድ ክረምት ነው የሚዘንብባቸው።

የጅማን ሐኪም ቤት ታሪክ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማእከል የሆነው ይህ ሐኪም ቤት የተሠራው በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም.፣ ለኢጣልያ ወታደሮች መታከሚያ ነበር። በኋላ በራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተጠራ፤ ከዚያም የጅማ ሐኪም ቤት ተባለ። ወራሪው እንኳ ወታደሩ ከጥይት ይልቅ በትኩሳት እንደሚወድቅ ዐውቆ አልጋ ያዘጋጀው በዚህች ከተማ ነው። በዞኑም ውስጥ ጦላይ የሚባለው የታወቀ የጦር ማሠልጠኛ አለ። ስለዚህ ለጅማ ወታደር እንግዳ አይደለም፤ ጤና ጣቢያዋም ወታደርን የሚመለከት አንድ ጥያቄ በመዝገቡ ላይ ቢጨምር ቦታው ነው።

ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። አንድን የሃምሳ አለቃ፣ ደረቱን ነፍቶ ከሐኪም ፊት የቆመን ሰው፣ «ቅማል አለብህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ይመስላል። እርሱም «የለብኝም» ይላል፤ ከዚያም በኋላ ነገሩ ይዘጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ተረቱ ጥፋቱን በደባቂው ላይ ብቻ ይጥለዋል። በእኔ አስተያየት ግን አስደባቂውም ይጠየቅ። ቅማል የሰነፍ ምልክት ነው ብለን ልጆቻችንን ያስተማርን እኛ ነን። ሦስት ወር ምሽግ ውስጥ ለከረመ፣ ሳሙናና ቅያሪ ላልተሰጠው ሰው ቅማሉ የራሱ ጠባይ አይደለም፤ ቅያሪውን ያላደረሰለት አለቃ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይያዝ። «ባለፈው ወር ስንት ሆናችሁ ነበር የምትተኙት? ቅያሪ ነበራችሁ? ከጓደኞችህ እንዲህ የታመመ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ ወታደር ሳያፍር ይመልሳል፤ መልሱም ከበቂ በላይ ያስረዳል።

መዥገሩን ልንረሳው አይገባም። በጅማ አካባቢ እርጥብ ደን ውስጥ ከብት ላይ የሚበዛው አምብሊዮማ ከሚባለው ወገን የሆነ ትልቅ መዥገር ነው። ይህ ወገን የሚያስተላልፈው የትኩሳት ተሐዋሲ በኦሮሚያ ከብቶች ላይ በተለቀሙ መዥገሮች ውስጥ መገኘቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ታትሟል፤ በ2009 ደግሞ ከአገራችን በተመለሰ መንገደኛ ላይ በሽታው ተጽፏል። በ1992 በቦትስዋና ሣር ውስጥ የልምምድ ዘመቻ ያደረጉ የአሜሪካ ወታደሮችም በዚህ ዓይነት የመዥገር ትኩሳት ታመው ነበር። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ መዥገሩ በነከሰበት ላይ ዙሪያው የቀላ ጥቁር ቅርፊት ይወጣል፣ በአቅራቢያው ያለው ንፍፊት ያብጣል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ትኩሳት ይከተላል። ሰውን ብዙ አይገድልም፤ ወታደርን ግን ከሥራው ሳምንት ያስቀረዋል። የሚያይ ሐኪም ልብሱን አስወልቆ ብሽሽትና ጉልበት ሥር ካልተመለከተ ግን ቅርፊቱን አያገኘውም። ሣር ውስጥ ያደረ ሰው ማታ ማታ ገላውን ይፈትሽ፤ መዥገር ሲያገኝም ላምባ ማፍሰሱንና በክብሪት ማቃጠሉን ትቶ፣ በወረንጦ ከቆዳው አስጠግቶ ይያዝና ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ይንቀለው።

ስለ ሕክምናው አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ግርሻ በፔኒሲሊን መርፌ ወይም ከቴትራሳይክሊን ወገን በሆነ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ መጠን ይድናል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሕመምተኛው ከበፊቱ ይልቅ ይብስበታል፤ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ተሐዋሲው በብዛት በአንድ ጊዜ ሲሞት ሰውነት ስለሚቆጣ ነው። ቁጣው በዓለም ላይ በደንብ የተጠናው በአገራችን ነው፤ ብራይሰን፣ ፓሪ፣ ፔሪን፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በ62 ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ላይ ያደረጉትን ምርመራ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 አሳትመዋል፤ በ1996ም እዚሁ አገር የተደረገ ሌላ ሙከራ በአሜሪካ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ስለዚህ መርፌ የተወጋ የግርሻ ሕመምተኛ «አሁን ተወግተሃል፣ ሂድ» ተብሎ ወደ አጋሮ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ አይጫንም። ያድራል፤ ተጋድሞ ይቆያል፤ ግፊቱ ይለካል። ቆሞ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ የወደቀ ሰው ላይነሣ ይችላልና ሰው ይደግፈው። ቤተ ሰቡም «መርፌው ገደለው» ብሎ ከአልጋው እንዳያስነሣው አስቀድሞ ይነገረው።

በዚህ ከተማ የሚማሩ የጤና ተማሪዎች በዚህ ነገር ላይ ከሌላው ይልቅ ዕድል አላቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ካደገም በኋላ፣ ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ እየላኩ ማስተማር የጅማ መታወቂያ ሆኗል። በዚህ ሥርዓት ወደ አጋሮ፣ ወደ ሸቤ፣ ወደ አሰንዳቦ የሚወርዱት ተማሪዎች የመጸዳጃ ቤት ቁጥር መመዝገብ ልማዳቸው ነው። ከዚያ ጎን የቡና ሠራተኞች መጠለያ ውስጥ ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር፣ ውሃ ማፍያ በርሜል መኖሩን፣ ከመካከላቸው ከሠራዊት የወጣ መኖሩን ቢጠይቁ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ውሃ ማፍያ በርሜሉን የሚገዛው የእርሻው ባለቤት ነው፤ ዋጋውም የታመሙ ለቃሚዎች ካስቀሩት ቡና ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተደረገው ስምምነት በኋላ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ሥራውን ሲጀምርም ወደ ሲቪል ኑሮ ይመለሳሉ የተባሉት የቀድሞ ታጋዮች ቁጥር 371 ሺህ ያህል ነበር። ይህን ያህል ሰው ሲሸኝ የሚሰጠው መታወቂያ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ መዝገብ አለ። በዚህ ሁሉ ወረቀት መካከል አንዲት ተጨማሪ ቅጠል ከባድ አትሆንም። መደበኛው ሠራዊትም ወታደሩን ለፈቃድ ወይም ለጡረታ ሲሸኝ ያንኑ ቅጠል ሊሰጠው ይችላል።

«ይህ ወታደሩን ቅማላም ብሎ ማኅተም መምታት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ ወረቀቱ በወታደሩ ላይ የሚጻፍ ከሆነ እውነት ነው። ስለዚህ ስለ ወታደሩ አይጻፍበት፤ ለሐኪሙ ይጻፍ። ያገለገለበት ቦታና ከሰፈር የወጣበት ቀን ይስፈርበት፤ ከሥሩም «የዚህ ወረቀት ባለቤት በሁለት ወር ውስጥ ትኩሳት ቢይዘው ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ወባ ባይገኝ ግርሻ ይፈለግ፤ ከታከመም ያድር» የሚል ይኑር። ቅማልን የሚጠራ አንድ ቃል እንኳ አያስፈልገውም። ከዚሁ ጋር ከመሸኛው በር ላይ የፈላ ውሃና አንድ ቅያሪ ልብስ ቢቀርብ፣ አሮጌው ልብስ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል።

ቅጠሏ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ትታተም፤ በጎማ ወረዳ ያለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም፣ ልጁ በሌሊት ሲንቀጠቀጥ ያደረበት አባትም በየቋንቋቸው እንዲያነቧት። መጠንዋም በመታወቂያ ልክ ይሁን፤ ወታደር ትልቅ ወረቀት አጥፎ ኪሱ ሲከት ዝናብ ያበላሽበታል።